ከሙያ በፊት ምስክርነት፦ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የአረጋውያን አገልጋዮች መታመን

የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ነው። መባ የሚቆጥሩት፣ የታመመ የሚጠይቁት፣ ለቅሶ ቤት የሚያመሹት፣ የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት፣ የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት ምእመናን ናቸው። እንዲህ ከሆነ፣ ማን ለየትኛው አገልግሎት ይሰየም የሚለው ጥያቄ የአስተዳደር ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም። የነገረ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ነው፤ የምንሰጠው መልስ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደ ሆነች ያለንን አሳብ ይገልጣል።

በከተማ አጥቢያዎች የሚዘጋጁ የምርጫ መስፈርቶችን አንብባችሁ ይሆናል። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የኮምፒውተር ችሎታ ከላይ ይሰፍራሉ። ዕጩው በጉባኤው መካከል ስንት ዘመን እንደ ኖረና ሰው ምን እንደሚልለት የሚጠይቀው መስመር ከታች ይገኛል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ የለም። ለዚህ ምክንያት አለው። መባው በስልክ መግባት ጀምሯል፤ ሒሳቡ በኮምፒውተር ይያዛል፤ ኦዲተር ይመጣል፤ አምልኮው በቀጥታ ይተላለፋል። በደብተርና በእስክሪብቶ ለሠላሳ ዓመት ያገለገሉ አባት ይህን ሁሉ አያውቁትም። እናም በፍቅር ቃል «አባታችን፣ አሁንስ ይረፉ» ይባላሉ፤ የምስጋና ወረቀትና ጋቢ ይሰጣቸዋል፤ በቦታቸው በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ወጣት ይተካል። ወጣቱ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ጥያቄዬ ስለ እርሱ አይደለም። ጥያቄዬ ከአባታችን ጋር አብረን ያሰናበትነው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው።

ሙያ በትምህርት ይገኛል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በጥቂት ወራት ይተላለፋል። መታመን ግን እንዲህ አይተላለፍም። ጉባኤው ለአንድ ሰው የሚሰጠው ለዓመታት ካየው በኋላ ነው፤ ያ ሰው ሲሰናበትም ከቁልፉና ከማኅተሙ ጋር ለተተኪው አያስረክበውም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን ልዩነት በተለያየ ዘመን አሳይቶናል ብዬ አምናለሁ። ከሮም፣ ከወላይታና ከደርግ ዘመን ጥቂት ምዕራፎችን አብረን እንድንመለከት እጋብዛችኋለሁ፤ መነሻችን ግን ኢየሩሳሌም ናት።

በሐዋርያት ሥራ 6 የተነሣው ችግር በዛሬ አነጋገር የአሠራር ችግር ነበር። የዕለት ምግብ ሲታደል ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘለሉ። ዝርዝር፣ ክፍፍልና ቁጥጥር የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ሐዋርያት ግን ጉባኤው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ ሲጠይቁ አስቀድመው ያነሡት መለኪያ በመልካም የተመሰከረላቸው መሆናቸውን ነው። የግሪክኛው ቃል ማርቱሩሜኑስ ነው፤ ሌሎች የመሰከሩላቸው ማለት ነው። መንፈስና ጥበብ ይከተላሉ። ጥበብ መጠቀሱን ልብ በሉ፤ ሐዋርያት ችሎታን አልናቁም። ይኸው ግስ ሉቃስ ስለ ጢሞቴዎስ ሲጽፍ (ሐዋ. 16፥2)፣ ጳውሎስም ስለ መበለቶች ሲጽፍ (1ጢሞ. 5፥10) ተመልሶ ይመጣል። በ1ጢሞቴዎስ 3 የተጻፈውን የኤጲስ ቆጶስ መለኪያ አንድ በአንድ ብትቆጥሩ፣ በቀጥታ ሙያ ሊባል የሚችለው ማስተማር መቻል ብቻ ነው። ቤትን ማስተዳደርን ብንጨምር እንኳ እርሱ ጎረቤት የሚያየው ኑሮ ነው። ዝርዝሩም የሚዘጋው በውጭ ካሉት ሰዎች በሚገኝ ምስክርነት ነው።

ገንዘብ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ሲያስልክ (2ቆሮ. 8፥18–22) ቲቶን ብቻውን አላደረገም። አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡትን አንድ ወንድም፣ ደግሞም እርሱና ባልደረቦቹ በብዙ ነገር ደጋግመው የፈተኑትን ሌላ ወንድም ጨመረለት። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ስለዚህ ትልቅ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፋቸው ነው። እዚህ ላይ መታመን ስሜት ሳይሆን ሥርዓት ነው፦ ጉባኤው ይመርጣል፣ ሰውየው ይፈተናል፣ ብቻውን አይሄድም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ «አረጋውያንን እንመን» ሲባል ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የምታነሡት ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁና።

ወደ ጢሞቴዎስ የተላከው መልእክት ሌላም ነገር ይዟል። መበለት በመዝገብ እንድትጻፍ ዕድሜዋ ከስድሳ ዓመት ማነስ የለበትም (5፥9)። መዝገቡ የርዳታ ተቀባዮች ነው ወይስ የአገልጋዮች በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ እኔ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ ወደሚለው አዘነብላለሁ። መለኪያዎቹን ተመልከቱ፦ ልጆች ማሳደግ፣ እንግዳ መቀበል፣ የቅዱሳንን እግር ማጠብ፣ የተጨነቁትን መርዳት። ሁሉም ቀድሞ የተደረጉ ናቸው። ምን መሥራት ትችላለች የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዘመን ፖሊካርፖስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ መበለቶችን በእግዚአብሔር መሠዊያ መሰላቸው። በ251 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሮም ኤጲስ ቆጶስ ቆርኔሌዎስ በጻፈውና አውሳብዮስ ባቆየልን ደብዳቤ ደግሞ የሮም ቤተ ክርስቲያን 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት፣ እንዲሁም ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች እንደ ነበሯት ተቈጥሯል። እነዚህ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን አደራ ሥር ነበሩ፤ አደራ ሲበላም በመጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ነበሩ።

ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከቆርኔሌዎስ ስድሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ ሆኗል። ታሪኩን የምናገኘው በሂጶሊጦስ ስም በሚታወቀው መናፍቃንን የሚያስተባብል መጽሐፍ በ9ኛው ክፍል ነው። ጸሐፊው የባለታሪኩ ተቀናቃኝ ስለ ነበር ቃሉን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ የነገሩ አካሄድ ግን የሚታመን ነው። ካርፖፎሮስ የሚባል፣ በቄሣር ቤት የነበረ ክርስቲያን፣ ካሊስጦስ ለሚባል ባሪያው ገንዘብ ሰጥቶ ፒስኪና ፑብሊካ በተባለው ሰፈር የባንክ ሥራ አስጀመረው። ከጊዜ በኋላ መበለቶችና ወንድሞች ገንዘባቸውን አደራ አስቀመጡበት። ገንዘቡ ሁሉ ጠፋ። ካሊስጦስ ወደ ወደቡ ሸሸ፤ መርከብ ላይ ሳለ ጌታው ሲመጣ አይቶ ባሕር ውስጥ ዘለለ፤ አውጥተው ወደ ወፍጮ ቤት ቅጣት ሰደዱት። ባለአደራዎቹም እያለቀሱ ወደ ካርፖፎሮስ ሄዱና ገንዘባችንን ለካሊስጦስ የሰጠነው በአንተ ስም አምነን ነው አሉት።

በዚህ አቤቱታ ላይ ጥቂት ቆዩ። ባንክ የመሥራት ሙያ የባሪያው ነበር፤ መታመኑ የጌታው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መበለቶቹ ግን ሒሳብ አዋቂነቱን መርምረው ሳይሆን ከበስተጀርባ ያለውን ስም አይተው ከፈሉ። ካርፖፎሮስ ስሙን አበደረ፤ ራሱ ግን ጠረጴዛው አጠገብ አልነበረም። ጥፋቱ የካሊስጦስ ማጭበርበር ይሁን የገበያ ኪሳራ ከዚህ ምንጭ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ስሙን ሰጥቶ ዓይኑን የነፈገው ሰው ግን በግልጥ ይታያል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ካሊስጦስ በኋላ በምኵራብ ሁከት አስነሥተሃል ተብሎ ተገርፎ ወደ ሰርዲንያ ማዕድን ማውጫ ተጋዘ። ስለ እምነታቸው ከታሰሩት ጋር ሲፈታ የሮም ኤጲስ ቆጶስ ቪክቶር ወደ አንጥዩም ልኮ የወር መደጎሚያ ሰጠው፤ ተከታዩ ዘፊሪኖስ የቤተ ክርስቲያኒቱን የመቃብር ስፍራ ኀላፊ አደረገው። ዛሬም በአፕያ መንገድ ያለው የመቃብር ዋሻ በስሙ ይጠራል። በ217 ገደማ ራሱ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ከመጀመሪያው ሹመት እስከ ሁለተኛው ድረስ የተጨመረለት አዲስ ሙያ የለም። የተጨመረለት ሰርዲንያና በአንጥዩም ያሳለፋቸው ዓመታት ናቸው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ተቀናቃኙማ በሽንገላ ነው ይላል።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርዶ በወላይታ ሶዶ ሥራ ጀመረ። ሐኪም፣ መምህር፣ ቋንቋ አጥንቶ የሚተረጉም ሰው ነበረው። የጣልያን ወረራ ሲመጣ ሚስዮናውያኑ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቀው ወጡ። ያን ጊዜ ከወላይታ የወጣው ሙያ ነው። ሕክምናው ወጣ፤ ትምህርቱ ወጣ። የቀሩት ከመቶ የማይበልጡ የተጠመቁ አማኞች፣ በወላይትኛ የተዘጋጁ ጥቂት የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍሎችና ከመካከላቸው የተሰየሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ማግኘታቸው በተደጋጋሚ ተጽፏል። ቁጥሩ በስብከቶቻችን በብዛት ስለሚነሣ አልቆይበትም። ይልቅ ይህን ሕዝብ የመሩት ሰዎች በምን ሥልጣን መሩ ብላችሁ ጠይቁ። ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ የሚሾማቸውም የሚያሽራቸውም የውጭ ድርጅት አልነበረም፤ ገዢው መንግሥት ጠላታቸው ነበር። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮና ቶሮ ዱቡሾ ያሉት መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ሰዎች ያዳመጧቸው ግርፋቱን ከመቀበላቸው በፊትም በኋላም ያው ሰዎች ሆነው ስላገኟቸው ነው። ብራያን ፋርገርና ፖል ባሊስኪ የዚህን ዘመን ታሪክ ሲጽፉ ትኵረታቸውን በአገሬው ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን ላይ ማድረጋቸው ትክክል ነበር።

ሬይመንድ ዴቪስ ያቆየልን አንድ ዝርዝር ከሐዋርያት ሥራ 6 ጋር አብሮ መነበብ አለበት። በእስር ቤቱ እስረኛ የሚበላው ዘመድ ያመጣለትን ነበር። አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ያመጡት ምግብ ግን ለሌሎቹም እስረኞች የሚተርፍ ነበር፤ ብዙዎችን ወደ እምነት የሳባቸው ይህ ፍቅር እንደ ሆነ ይነገራል። እስቲ ይህ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ዛሬ የማን ተራ ነው? አባወራው የታሰረበት የትኛው ቤት ነው? እህል ያለቀበትስ? ማን ሳይፈራ ወደ እስር ቤቱ በር ይሄዳል? ማንበብ የሚችል ጥቂት በሆነበት ጉባኤ እንዲህ ያለው መዝገብ የሚያዘው እያንዳንዱን ቤት በሚያውቁ ሰዎች ልብ ውስጥ ነው። የአሠራር ጉዳይ ነበር፤ በመታወቅና በማወቅ ተሠራ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ልጨምር። በዚያ ዘመን «ሽማግሌ» የተባሉት ሁሉ በዕድሜ የሸመገሉ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ጎልማሶች ነበሩ። ቃሉ ስለ ወንበሩ እንጂ ስለ ሽበቱ አይናገርም። ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ያስተካክለዋል። ዕድሜ በራሱ መታመንን አይሰጥም፤ መታመን ግን ዕድሜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው በሰላም ዘመን፣ ምስክሩ በግርፋት ሳይሆን በተራ ቀናት ሲከማች፣ ብዙውን የያዙት አረጋውያን ሆነው የምናገኛቸው።

በደርግ ዘመን የሆነውን አጠር አድርጌ ልለፈው፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁታልና። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት በ1983 ዓ.ም. ወደ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ጉባኤው በየቤቱ በጥቂት ሰዎች ተከፋፍሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚፈለገው ሰው ጥሩ ተናጋሪው አይደለም፤ ስንት ሰው የት እንደሚሰበሰብ ቢነገረው አፉን የሚይዘው ነው። ለዚያም ሰው ሲገባና ሲወጣ ቀበሌ የማይጠረጥረው ቤት ያስፈልግ ነበር። ቡና የሚያፈሉ፣ ጎረቤት የሚያከብራቸው እናት ቤት ለዚህ ከየትኛውም አዳራሽ ይሻል ነበር።

እንግዲህ ወደ ተቃውሞው። አረጋዊነት ከስሕተት አያድንም። ዔሊ ሸምግሎ ሳለ ልጆቹ በእግዚአብሔር ቤት ያደረጉትን ሰማ እንጂ አልከለከለም (1ሳሙ. 2)። ወንበር አልለቅም ብለው ጉባኤን ያስጨነቁ ሽማግሌዎችም አሉ፤ በየአጥቢያችሁ አይታችኋል። በሌላ በኩል የሮብዓም ታሪክ ሁልጊዜ በወጣቶች ላይ ይመዘዛል፤ የነገሠው ግን በ41 ዓመቱ እንደ ነበር (1ነገ. 14፥21) ስንቶቻችን አስበናል? አብሮ አደጎቹ የተባሉት ልጆች አልነበሩም። እንግዲህ ጽሑፌ ወጣቱ ይውረድ፣ አረጋዊው ይውጣ የሚል አይደለም። የሁለት ወንበሮችን ልዩነት የሚያሳይ ነው።

ልዩነቱን እድራችን ያውቀዋል። እድር ጸሐፊ ሲመርጥ ጽሕፈቱ የሚነበብ፣ ሒሳብ የማይስት ሰው ይፈልጋል፤ የሰፈሩ አስተማሪ ወይም የእገሌ ልጅ ሊሆን ይችላል። ዳኛ ሲመርጥ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በማን ለቅሶ ቀረ? ሲጣላ ምን አለ? አደራ በልቶ ያውቃል? ጸሐፊው በየጊዜው ቢለዋወጥ እድሩ አይናጋም፤ ዳኛው ሲነሣ ግን ሰፈሩ ይመክራል። እቁብም ዕጣ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን ሲሰጥ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ ማለት የራሱን ስም የሚያስይዝ፣ እንደ ካርፖፎሮስ ሳይሆን ከጠፋ የሚከፍል ሰው ነው። ወንጌላውያን አማኞች በአንዳንድ ስፍራ በእምነታቸው ምክንያት ከእድር ተገልለው የራሳቸውን እድር ሲያቋቁሙ ይህንኑ አደረጃጀት ይዘው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ምርጫችን ግን ሁለቱን ወንበሮች አንድ አድርገን የዳኛውን ወንበር በጸሐፊው መለኪያ መሙላት ጀምረናል።

ሙሴም ሁለቱን ለይቷቸዋል። በዘኍልቍ 8፥24–26 ሌዋዊ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በመገናኛው ድንኳን ሥራ ይገባል፤ 50 ዓመት ሲሞላው ከሥራው ይወጣል። ሸክሙን፣ ጉልበትና ቅልጥፍና የሚጠይቀውን ሥራ ያወርሳል። ነገር ግን ወደ ቤቱ አልተሸኘም፤ በድንኳኑ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ይጠብቃል። የጉልበቱ ሥራ ለወጣቱ ተላለፈ፤ ጥበቃው ግን ከእርሱ አልተወሰደም። እኛ ጋቢ አልብሰን የምንሸኛቸው አባት የተነፈጉት ይህኛውን ነው።

በቅርቡ ተመርቃችሁ ወደ አጥቢያ የምትመደቡ ተማሪዎች ይህ ነገር ቶሎ ያጋጥማችኋል። ሒሳቡን በዘመናዊ መንገድ ማደራጀት ትፈልጋላችሁ፤ መልካም ነው። ወጣቱ በኮምፒውተር ይያዘው። በባንክ ከሚፈርሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ግን እኚያ አባት ይሁኑ፤ ሌላዋ መባ ሲቆጥሩ የኖሩት እናት ቢሆኑ ደግሞ እሰየው። ከመፈረማቸው በፊት ወጣቱ የወሩን ገቢና ወጪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው፤ ያልገባቸውን ይጠይቁት፤ እስኪገባቸው ያስረዳቸው። ፊርማቸው እንደ ካርፖፎሮስ ስም ከሩቅ የሚበደር እንዳይሆን በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ። ኮሚቴው ጊዜ ይፈጃል ብሎ ያማርራል፤ በወር ግማሽ ሰዓት ነው። ያ ወጣት በአሥር ዓመት ውስጥ 120 ጊዜ በእነዚህ አረጋውያን ፊት ቁጥር አንብቦ ተጠይቆ ይሆናል፤ ጉባኤው ስለ እርሱ ሲጠይቅ የሚመሰክሩለት፣ ወይም የማይመሰክሩለት፣ እነርሱ ናቸው።